ባሕር የራቃት ደሴት፤ የስኾክላንድ መንደሮች ትዝታ

በኔዘርላንድ፣ ኖርድኦስትፖልደር በሚባለው የድንች፣ የሽንኩርትና የቱሊፕ አበባ እርሻ መካከል፣ ከዙሪያው ሜዳ በጥቂቱ ብቻ ከፍ ብሎ ከሰሜን ወደ ደቡብ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘረጋ ጠባብ መሬት አለ፤ ስሙም ስኾክላንድ ይባላል። በአንደኛው ጫፉ መርከብ የማይደርስበት ወደብና በጭጋግ ጊዜ መርከበኞችን በድምፅ ያስጠነቅቅ የነበረ የጡሩምባ ቤት ስለሚገኙ፣ አገሩን የማያውቅ መንገደኛ በማሳ መሃል ቆሞ ባሕሩ ወዴት እንደሄደ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ቦታው እስከ 1859 ድረስ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 650 ገደማ ነዋሪዎች የነበሩበት ደሴት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለ80 ዓመታት ያህል ከጥቂት የመንግሥት ሠራተኞች በቀር ሰው የሌለበት ደሴት ሆኖ ቆይቶ፣ በ1942 ደግሞ ጨርሶ ደሴትነቱ አከተመ። የኔዘርላንድ መንግሥት መጀመሪያ ሰዎቹን ከውሃው አራቀ፤ የልጅ ልጆቻቸው በሕይወት ሳሉ ደግሞ ውሃውን ከቦታው አራቀ። የስኾክላንድ ትዝታ ከሌሎች የጠፉ መንደሮች ትዝታ የሚለየው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፤ ሰዎቹ የተነሡበት ምክንያት ራሱ ኋላ ተነሥቷልና።

የአካባቢው መሬት ከጥንት ጀምሮ ባሕር አልነበረም። በመካከለኛው ዘመን መጀመሪያ ላይ ሰፊው ክፍል በፒት የተሸፈነ ረግረግ ነበር፤ ፒት ማለት በውሃ ውስጥ ስለቆየ ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ ለሺህ ዓመታት ከተከማቸ ሸምበቆ፣ ሣርና ሞስ ከሚባል ትንሽ ተክል የተሠራ ልል አፈር ሲሆን፣ ሲደርቅ እንደ ማገዶ ይነዳል፣ ውሃው ሲጠነፈፍለትም ይሰምጣል። ገበሬዎች ረግረጉን ለእርሻ ብለው ቦይ እየቀደዱ ባጠነፈፉት መጠን መሬቱ ዝቅ እያለ ሄደ፤ በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተነሡት ታላላቅ ማዕበሎች፣ በተለይም የ1170ው እና የ1287ቱ ጎርፍ፣ ከሰሜን ባሕር ሰብረው ገብተው ቀድሞ ሐይቅ የነበረውን ወደ ሰፊ የባሕር ወሽመጥ ለወጡት። ይህ ወሽመጥ ዛውደርዜ፣ ማለትም ደቡባዊው ባሕር፣ ተባለ። እንግዲህ ባሕሩን የጠራው ማዕበሉ ብቻ ሳይሆን የሰው ቦይም ነበር፤ ስኾክላንድም ከተበላው መሬት የተረፈ፣ ከሁሉም አቅጣጫ መሸርሸሩን የቀጠለ ቁራጭ ሆኖ ቀረ።

ነዋሪዎቹ ቤታቸውን የሚሠሩት በሰው እጅ በተከመሩ ጉብታዎች ላይ ነበር፤ ጉብታዎቹ ትውልድ በትውልድ ላይ ሸክላ አፈር፣ የከብት ፋንድያና የሣር ቁራጭ እየደረበ ያሳደጋቸው ሲሆኑ፣ መሬቱ በሰመጠ ቁጥር እንደገና መደረብ ነበረባቸው። በመጨረሻ ዘመናቸው የሰው መኖሪያ ሆነው የቀሩት ሦስት ናቸው፤ በሰሜን ጫፍ ኤመሎርድ፣ በመሃል ሚደልቡርት ወይም ሞለንቡርት፣ ከእርሱ በስተደቡብ ደግሞ ዛውደርት። ከዛውደርትም አልፎ በደቡቡ ጫፍ፣ በመካከለኛው ዘመን የቆመ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ዛሬም ይታያል። በጉብታዎቹ መካከል ያለው ግጦሽ በክረምት በውሃ ስለሚዋጥ ሰዎች ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው የሚተላለፉት በእንጨት ሳንቃ መተላለፊያ ላይ ነበር፤ ቀጭኑ ሳንቃም የደሴቱ ዋና መንገድ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ደሴቱ ትንሽ ትሁን እንጂ አንድ አልነበረችም። የደቡቡ ክፍል ኤንስ ይባል ነበር፤ ነዋሪዎቹም የካልቪንን ትምህርት የተከተሉ ፕሮቴስታንቶች ሲሆኑ አስተዳደራቸው ከኦፈርአይሰል ክፍለ ሀገር ጋር የተያያዘ ነበር። ሰሜኑ ኤመሎርድ ግን በካቶሊክ እምነቱ ጸንቶ፣ በሌላ ጌታ ሥር ኖረ፤ በ1660 የአምስተርዳም ከተማ ኤመሎርድንና ጎረቤቱን የኡርክ ደሴት በእጇ አስገባች። ሀብታሟ ከተማ እነዚህን ሁለት የድሃ ዓሣ አጥማጆች ቦታዎች የፈለገችው ለገቢያቸው አልነበረም፤ ወደ ወደቧ የሚገቡት የንግድ መርከቦች በዛውደርዜ ሲያልፉ የሚመሩበት የእሳት መብራት በደሴቶቹ ላይ ሌሊት ሌሊት መንደዱ እንዳይቋረጥ፣ መሬቱም በማዕበል እንዳይበላ ነው። ስለዚህ ለመቶ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ የኤመሎርድ የባሕር መከላከያ የተጠገነው ከሩቅ ከተማ የንግድ ትርፍ በሚመጣ ገንዘብ ነበር፤ ይህን ልብ ማለት ይገባል፣ ምክንያቱም ደሴቱ በነዋሪዎቹ አቅም ብቻ የቆመችበት ጊዜ ቢኖር እንኳ እጅግ አጭር ነው። ሰሜንና ደቡብ በአንድ ማዘጋጃ ቤት ሥር የተጠቃለሉት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ፣ በፈረንሳይ ተጽዕኖ ዘመን ሲሆን፣ ሃይማኖቱና ጋብቻው ግን ከዚያም በኋላ እንደተለያየ ቀጠለ።

በጥንት ዘመን ከብት እርባታ የነበረ ቢሆንም ግጦሹ በባሕር እየተበላ ሲሄድ ለሰዎቹ የቀራቸው ዓሣ ማጥመድ ብቻ ሆነ። የሚያጠምዱትም ሄሪንግ፣ አንቾቪ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ፣ ጠፍጣፋ ዓሣዎችንና እንደ እባብ የሚረዝመውን ኢልን ነበር፤ ከፊቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚያዘነብል አፍንጫ ያለው ጠንካራ የዓሣ ማጥመጃ መርከብ እስከ ዛሬ በኔዘርላንድ ስኾከር ይባላል፣ ስሙም ከዚህ ደሴት ጋር የተያያዘ ነው። መሬቱን ከባሕር የሚጠብቀው ከእንጨት ግንድ ረድፍ የተሠራ አጥር ሲሆን፣ በ1730ዎቹ የመርከብ ትል የሚባለው እንጨት ቦርቡሮ የሚኖር የባሕር ፍጥረት በመላው የኔዘርላንድ ጠረፍ የነበሩትን የእንጨት መከላከያዎች ከውስጥ ስለበላቸው፣ እንጨቱን በድንጋይ መተካት ግድ ሆነ። ድንጋይ ደግሞ በዚያ አገር የለም ማለት ይቻላል፤ በጀልባ ከሩቅ ስለሚመጣ ደሴቲቱን የመጠበቅ ወጪ ከነዋሪዎቿ ሀብት ጋር የማይመጣጠን ሆነ።

በ1825 የካቲት ወር መጀመሪያ፣ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን በዘለቀው ማዕበል፣ ባሕሩ መከላከያውን ሰብሮ በደሴቱ ላይ አለፈ። በኦፈርአይሰል ክፍለ ሀገር ብቻ ከ300 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ከእነርሱ 13ቱ የስኾክላንድ ሰዎች ነበሩ፤ ብዙ ቤቶችም ተነጥቀው ሄዱ። ከዚህ በኋላ የሆነው ግን ደሴቱን መልቀቅ ሳይሆን መልሶ መገንባት ነበር። መከላከያው ተጠገነ፤ በ1834 በሚደልቡርት አዲስ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ተሠራ፤ ይህም በዘመኑ አገላለጽ የዋተርስታት ቤተ ክርስቲያን ከሚባሉት አንዱ ነው፣ ማለትም መንግሥት ገንዘብ እየረዳ፣ የውሃ ሥራዎችን የሚመራው መሥሪያ ቤት መሐንዲሶች እየተቆጣጠሩ ከተሠሩት። በ1842 ደግሞ በኤመሎርድ ለካቶሊኮቹ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ቆመላቸው። ግድብ የሚያሠራው መሥሪያ ቤት ቤተ ክርስቲያንም ያሠራ ነበርና፣ ነዋሪዎቹ በዚያን ጊዜ መንግሥት እዚሁ እንድንኖር ፈርዷል ብለው ቢያስቡ ትክክል ነበሩ። 25 ዓመት ሳይሞላ ግን ያው መንግሥት ተቃራኒውን ፈረደ።

ለዚህ ፍርድ ያደረሰው አንድ ማዕበል ሳይሆን ድህነት ነው። የሕዝቡ ቁጥር ካለው መሬት ጋር አልተመጣጠነም፤ ዓሣ በጠፋበት ዓመት ደሴቱ በሙሉ በእርዳታ ይኖራል፤ በሽመና ሥራ ሊያቋቁሟቸው የተሞከረውም የተረጋጋ መተዳደሪያ አላስገኘም። ባለሥልጣናቱ መከላከያውን ለማደስ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ሰዎቹን ለማንሣት ከሚያስፈልገው ጋር አነጻጽረው ማንሣቱ እንደሚረክስ አገኙት። አስቀድሞ የደቡቡ ዛውደርት ተለቅቆ ነበር፤ በመጨረሻም በንጉሥ ዊለም ሣልሳዊ ዘመን፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1858 በወጣው ሕግ፣ ነዋሪዎቹ እስከ ሐምሌ 1 ቀን 1859 ድረስ ደሴቱን ለቅቀው እንዲወጡ ታዘዘ። ሐምሌ 10 ቀን የስኾክላንድ ማዘጋጃ ቤት ራሱ ተሰርዞ ባዶው መሬት ከካምፐን ከተማ አስተዳደር ጋር ተደባለቀ፤ የመጨረሻው ከንቲባ ገሪት ያን ጊሎትም የሚያስተዳድረው ሕዝብ የሌለው ሰው ሆነ። የመንግሥት ሒሳብ ስሕተት ነበር ማለት አይቻልም፤ ከጉብታዎቹ ላይ የሚኖሩት ሕፃናት በእርግጥ ይራቡ ነበር፣ ቀጣዩ ማዕበልም መምጣቱ አይቀርም ነበር። ነገር ግን ሒሳቡ የደመረው ድንጋይ፣ እንጨትና የእርዳታ ገንዘብ ብቻ ነው፤ ሁለት መንደሮች ሲበተኑ አብሮ የሚበተነውን የሚመዘግብ ዓምድ በመዝገቡ ላይ አልነበረም።

የመነሣቱ ሥራ ዝርዝር ከአዋጁ ይልቅ ብዙ ይናገራል። ካሣ የሚከፈለው ቤቱ ፈርሶ ቦታው ባዶ ሲሆን በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የገዛ ቤቱን በገዛ እጁ ማፍረስ ነበረበት። ቤቶቹ በአብዛኛው ከእንጨት የተሠሩ ስለነበሩ ሳንቃው፣ ምሰሶውና በሩ ተነቅሎ በዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ላይ ተጫነ፤ ከእነዚህም መካከል በዋናው መሬት ላይ እንደገና ተገጣጥመው የቆሙ አሉ። የኤመሎርድ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ዕድሜው 20 ዓመት ሳይሞላ ፈርሶ፣ ዕቃው ተጓጉዞ፣ በኦመን ከተማ ተተከለ። የሚደልቡርቱ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ግን ሳይፈርስ ቀረ፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ የጸሎት ቤት ሆኖ ሳይሆን የመንግሥት ንብረት ማስቀመጫ ሆኖ አገልግሏል።

ተነሺዎቹ የሄዱት እምነታቸውንና ዓሣውን ተከትለው ነው። ብዙዎቹ በአይሰል ወንዝ አፍ አጠገብ በምትገኘው በካምፐን፣ ብሩነፐ በሚባለው ሰፈር ተጠጋግተው ሰፈሩ፤ ሌሎች ወደ ፎለንሆፈ፣ አንዳንዶች ወደ ኡርክ፣ ከካቶሊኮቹ መካከልም በዛውደርዜ ምዕራባዊ ዳርቻ ወዳለችው የካቶሊክ ዓሣ አጥማጆች መንደር ወደ ፎለንዳም ሄዱ። የዚያን ዘመን የኔዘርላንድ ከተማ ነዋሪ ከደሴት ለመጡ ድሆች ልቡ የተከፈተ አልነበረም፤ ልዩ አነጋገራቸውና አለባበሳቸው ለረጅም ጊዜ ይለያቸው ነበር፤ ስኾከሮች የሚለው መጠሪያም የመጡበት ደሴት ከተለቀቀ በኋላ እንኳ በሰዎቹ ላይ ቀረ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ዘመን በአጭሩ ቢነገር ይበቃል። በደሴቱ ላይ የመብራቱን ጠባቂ ጨምሮ ጥቂት የመንግሥት ሠራተኞች ከቤተሰባቸው ጋር ቀሩ፤ የኤመሎርድ ወደብም በማዕበል ጊዜ ለሚጠለሉ ጀልባዎች ክፍት ሆኖ ቆየ። በዚህ ምክንያት የስኾክላንድ ልጆችና የልጅ ልጆች ዓሣ ሲያጠምዱ ውለው ማዕበል ሲነሣባቸው የሚገቡት አባቶቻቸው በተነሡበት ወደብ ነበር።

ሁኔታውን በሙሉ የገለበጠው ኮርኔሊስ ሌሊ የተባለው መሐንዲስና ፖለቲከኛ የነደፈው የዛውደርዜ ሥራ ነው። ዕቅዱ በ1891 ተዘጋጅቶ ሳለ ለብዙ ዓመታት በወረቀት ላይ ቢቆይም፣ በጥር 1916 የደረሰው ጎርፍና የአንደኛው የዓለም ጦርነት የእህል እጥረት ተደማምረው በ1918 ሕግ ሆኖ እንዲወጣ አደረጉት። 32 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው አፍስላውትዳይክ፣ ማለትም መዝጊያ ግድብ፣ ግንቦት 28 ቀን 1932 የመጨረሻው ክፍተት ሲደፈን ዛውደርዜ ባሕር መሆኑ አበቃ፤ በውስጡ የቀረው ውሃ በአይሰል ወንዝ እየተበረዘ ጨዋማነቱን አጥቶ አይሰልሜር የተባለ ጨው አልባ ሐይቅ ሆነ። ሄሪንጉና አንቾቪው ጠፉ። ለዓሣ አጥማጆች ድጋፍ የሚሰጥ ልዩ ሕግ በ1925 አስቀድሞ የወጣ ቢሆንም፣ ድጋፉ ሥራውን አልተካውም። በፎለንዳምና በካምፐን የነበሩት የስኾክላንድ ተወላጆች እንግዲህ ሁለት ጊዜ ተነቀሉ ማለት ነው፤ በ1859 አያቶቻቸው ባሕሩን ይዘው መሬቱን አጡ፣ በ1932 ደግሞ እነርሱ በመሬት ላይ ተቀምጠው ባሕሩን አጡ። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተጽፏል፤ ሁለተኛው ግን ከብሔራዊው የድል ታሪክ ጥላ ሥር ስለዋለ እምብዛም አይነሣም፣ ምንም እንኳ ከኑሮ አንጻር ሲመዘን ከመጀመሪያው ባይተናነስም።

ከግድቡ ቀጥሎ ፖልደር የሚባሉት መሬቶች ተራ መጣ። ፖልደር ማለት የውሃ ክፍል በግድብ ታጥሮ፣ ውሃው በፓምፕ ተስቦ ከወጣ በኋላ የሚገኝ፣ ደረጃው ከባሕር ጠለል በታች የሆነና ፓምፑ እስካልቆመ ድረስ ብቻ ደረቅ የሚሆን መሬት ነው። 48,000 ሄክታር ስፋት ያለው ኖርድኦስትፖልደር ግድቡ በታኅሣሥ 1940 ተዘግቶ፣ በሌመር፣ በፎለንሆፈና በኡርክ የተተከሉት ሦስት የፓምፕ ጣቢያዎች ውሃውን ሲያወጡ ቆይተው፣ መስከረም 9 ቀን 1942 ደረቀ ተባለ። ጊዜው የጀርመን ወረራ ዘመን ነበርና፣ ከግዳጅ ሥራ የሚሸሹ ብዙ ወጣቶች በአዲሱ ጭቃ ላይ በሚሠሩት ሠራተኞች መካከል ተደብቀው ነበር፤ ሕዝቡም የፖልደሩን ምሕጻረ ቃል አጣሞ የኔዘርላንድ መሸሸጊያ ገነት ይለው ነበር። በኅዳር 1944 በተደረገው ታላቅ አፈሳ ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ተይዘዋል።

ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት ለአዲሱ መሬት ገበሬዎችን በጥብቅ ምርጫ አሰፈረ፤ አመልካቹ ስለ እርሻ ዕውቀቱና ስለ ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ስለ ቤት አያያዙም ይመረመር ነበር። መሃል ላይ አንድ ከተማ፣ በዙሪያውም በብስክሌት በሚደረስ ርቀት ላይ አሥር መንደሮች እንዲቆሙ ተደረገ። ከተማው ኤመሎርድ ተባለ፤ ከስኾክላንድ በስተምሥራቅ የተቆረቆረው መንደር ደግሞ ኤንስ። ስማቸው የተወሰደው ከሁለቱ የደሴት ሰፈሮች ሲሆን፣ ወደዚያ የገቡት ሰዎች ግን ከመላው አገር የተውጣጡ እንጂ የስኾክላንድ ተወላጆች አልነበሩም፤ እነዚያ ዓሣ አጥማጆች እንጂ ገበሬዎች ስላልነበሩ በምርጫው ሚዛን ላይ የሚያነሣቸው ነገር አልነበረም። በአዲሲቱ ኤመሎርድ መሃል የሚታየው የፖልደር ማማ የተሠራው በ1959 ነው፤ አሮጌው ኤመሎርድ ባዶ በሆነ በመቶኛው ዓመት። መግጠሙ የአጋጣሚ ሳይሆን አይቀርም።

የደረቀው የባሕር ወለል ያልተጠበቀ መዝገብ ሆኖ ተገኘ። ገበሬው ቦይ ሲቆፍርና ማረሻ ሲያስገባ የመርከብ ቅሪት ይወጣ ጀመር፤ እስከ ዛሬ ከባሕር በተወሰዱት በእነዚህ ፖልደሮች ከ400 በላይ የመርከብ ስብርባሪዎች ተገኝተዋል። አርኪዮሎጂስቱ ገሪት ዳንኤል ፋን ደር ሃይደ የሚደልቡርቱን ባዶ ቤተ ክርስቲያን በ1947 ለሙዚየምነት አዋለው፤ በዚያም ከመርከቦቹ የወጡ ዕቃዎች፣ የማሞት አጥንቶችና ከመንደሮቹ በፊት በሺህ ዓመታት የሚቀድሙ የድንጋይ ዘመን ሰዎች ቅሪት ተሰበሰቡ። ቁፋሮው እንዳሳየው የስኾክላንድ አካባቢ ውሃው በቀረበ ጊዜ የሚለቀቅ፣ በሸሸ ጊዜም የሚሰፈርበት ቦታ ሆኖ ነው የኖረው፤ የ1859ኙ መነሣትም በዚህ ረጅም ተከታታይ ውስጥ ሲታይ የመጀመሪያው አልነበረም፣ ምንም እንኳ በሕግ አንቀጽ የተፈጸመው እርሱ ብቻ ቢሆንም።

የተወላጆቹ ትዝታ በሌላ መንገድ ቆየ። ከደሴቱ የመጣው አነጋገር ዛሬ የሚናገረው የለም፤ ልብሱም በሙዚየም ካልሆነ አይታይም። በ1985 ግን የስኾክላንድ ተወላጆች የልጅ ልጆች ማኅበር አቋቋሙ፤ የቤተ ክርስቲያን መዝገቦችን አገላብጠው የዘር ሐረጋቸውን አሰባሰቡ፣ በደሴቱም ላይ መገናኘት ጀመሩ። አያቶቻቸው በአንድ ደሴት እየኖሩ በሃይማኖት ተለያይተው ነበር፤ ካቶሊኩና ፕሮቴስታንቱ በአንድ ማኅበር ሥር እንደ ስኾከር የተቀመጡት መንደሮቹ ከፈረሱ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ትዝታ ያልነበረውን አንድነት ፈጠረ ብሎ የሚተች ቢኖር ከእውነት አይርቅም፤ የሚያወግዘው ግን ብዙ አያገኝም።

ስኾክላንድ በ1995 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ስትሰፍር ከኔዘርላንድ የመጀመሪያዋ ነበረች። የተመዘገበችውም ሰው ከውሃ ጋር ያደረገው የረጅም ዘመን ትግል ምልክት ተብላ ነው። ዛሬ የሚያሰጋት ግን ውሃው ሳይሆን የውሃው መጥፋት ነው። ፖልደሩን ለእርሻ እንዲስማማ አድርቆ የሚያቆየው ፓምፕ ከደሴቱ ሥር ያለውን የከርሰ ምድር ውሃም ስለሚስበው፣ በፒቱ ውስጥ ለዘመናት ተጠብቆ የኖረው የእንጨት ምሰሶ፣ የዘርና የአጥንት ቅሪት አየር አግኝቶ ይበሰብሳል፤ ፒቱ ራሱም እንደ ደረቀ ስፖንጅ ይጨማደዳል፣ መሬቱም ይሰምጣል። ይህን ለመግታት ከደሴቱ በስተምሥራቅ የነበረ የእርሻ መሬት ከማሳነት ተነሥቶ የከርሰ ምድር ውሃው ሆን ተብሎ ከፍ የሚደረግበት እርጥብ ቀጠና ተደረገ፤ ይኸው አሠራር ወደ ደቡቡም እንዲሰፋ ሥራ ተጀመረ። ለዚህ የሚለቀቀው መሬት በ1940ዎቹ ያን ያህል ወጪና ድካም ፈስሶበት ከባሕር የተወሰደው መሬት ነው፤ በፓምፕ የወጣው ውሃም አሁን በልኩ ተመልሶ እየገባበት ነው። እርጥበቱ መስመጡን ያዘገየዋል እንጂ ጨርሶ አያቆመውም።